መጅ ይዘን፣ ወፍጮ ትተን

ጠላት ከወጣ በኋላ አክስቴን ለመጠየቅ ጎንደር ስወጣ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው፣ «ቆላው እንዴት ነው? እንዴት ቻላችሁት?» አሉኝ። እኔ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ሁለት ቃል ተናግሬ ዝም ስል አክስቴ፣ «ይቺ ልጅ በብዕር ካልሆነ በአፏ አትናገርም፤ ደብተር ስጧት» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን እስኪዘጋው ድረስ አራት ዓመት ተምሬያለሁና ያየሁትን በየቀኑ ላስቀምጥ። የምጽፈው ወደዚያ ለማትወርዱት ነው።

አባቴ አምሳ አለቃ ናቸው። እናቴ እሳቸውን ካገባች ጀምሮ ጦሩ በታዘዘበት ሁሉ እየተከተለች ስምንት ጊዜ ቤት ለውጣለች። ስለዚህ በቤታችን የማይታጠፍ ወይም የማይጠቀለል ዕቃ አልነበረም። እናቴ ከሌሎች የወታደር ሚስቶች የወረሰችው አንድ ልማድ ነበራት። የወታደር ሚስት ስትነሳ መጇን ትይዛለች፣ ወፍጮዋን ትታ ትሄዳለች። መጁ በእጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ ነው፤ ትንሽ ነው፣ እጅም ይለምደዋል። ወፍጮው ግን የአንድ አህያ ጭነት ነው። የትም ቢኬድ ድንጋይ አይጠፋም፤ ካልሆነም ቀድማ የተነሳች የሌላ ወታደር ሚስት የተወችው ይገኛል። በዚህ ዓይነት እናቴ በስምንት አገር ስምንት ወፍጮ ትታለች።

ጠላት ጎንደር በገባ በሁለተኛው ዓመት የድሮ ወታደሮች ስማቸውን አስመዝግበው ለእሱ እንዲያድሩ ተጠሩ። የሄዱም ነበሩ። አባቴ መጀመሪያ ሲጠሩ ታምሜያለሁ አሉ፤ ሁለተኛ ሲጠሩ ዘመድ ሞቶብኛል አሉ። ለሦስተኛው ሰበብ አልነበራቸውም። ከመተማ በታች ጓንግ ወንዝ ዳር አቶ ወርቁ የሚባል የጦር ጓደኛቸው መሬት አቅንቶ ይኖር ነበርና፣ «መሬቱ ሰፊ ነው፤ ጠላት ከመተማ ከተማ አልፎ እኛ ዘንድ አይመጣም፤ ና» ብሎ ላከባቸው። ነገሩ ለሁላችንም ግልጥ ነበር። ቆላው ከተስማማን እንኖራለን። ካልተስማማን ጎንደር እንመለሳለን፤ ከተመለስን ደግሞ አባቴ ስማቸውን ያስመዘግባሉ።

አንደኛ ቀን

ፋሲካ አልፎ ሰኞ ጠዋት ተነሳን። ሦስት አህያ ነበረን። አንዷ ድንኳኑንና ቁርበቶቹን፣ ሁለቱ እህሉንና ሽሮውን ያዙ። አክስቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ጭነቱን ስታይ፣ «ወፍጮውንስ?» አለች።

«ላንቺ ትቼዋለሁ፤ ፍጪበት» አለች እናቴ።

«የምትሄዱበትን አገር አታውቂውም እኮ።»

«ድንጋይ የሌለበት አገር አለ እንዴ?» ብላ እናቴ ሳቀች። መጇን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዘለች።

አዘዞ ላይ ተፈተሽን። ፈታሹ ለጠላት ያደረ ያገራችን ሰው ነው። ጆንያውን ሁሉ በእጁ እየወጋ አየ። የአባቴ ጠመንጃ አልነበረም፤ አብሯቸው የዘመተው አያ ካሳ ይዞት በሌላ መንገድ ሄዷል። ፈታሹ በመጨረሻ የእናቴን እዝል አስፈታትና መጁን አየ።

«እመት፣ ድንጋይ አዝለሽ ነው የምትሄጂው?»

«ዘመድ ልጠይቅ ነው።»

«ዘመዶችሽ አገር ድንጋይ የለም?»

«አለ እንጂ። የሰው መጅ ግን እጄን ያመኛል።»

ሰውዬው ሳቀና፣ «እለፉ፤ ድንጋያችሁን ማንም አይቀማችሁም» አለን። አባቴ አህዮቹን ነድተው አለፉ። 

ያደርነው ከአዘዞ ወዲያ አንድ ገበሬ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ውሃ አሙቃ እግራችንን አጠበችን፤ እኛም በሶአችንን አካፈልናት። የጎንደር ሰው ስንቅ ሲያካፍሉት ይግደረደራል። እሷ ግን ሰጠናት፣ በላች፣ ጣፈጠኝ አለች። ደስ አለኝ።

ሁለተኛ ቀን

አያ ካሳ ከአንድ ዋርካ ሥር ቆሞ ጠበቀን፤ ጠመንጃው በሸንበቆ እስር መካከል ነው። እዚያ አባቴ ሁላችንንም አስቁመውን የጉዞ ሥርዓት አወጡ። አያ ካሳ ፊት፣ እናቴ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ እሳቸው ደጀን፤ አህዮቹ መካከል። ድንኳኑም በተተከለ ቁጥር በሩ ወደ መንገዱ ይሆናል። የመጣንበትን ሳይሆን የምንሄድበትን ያያል።

«አራት ሰው ነን እኮ፣ ሦስት አህያ» አለች እናቴ። «ሽፍታ ቢመጣ ከየትኛው ክንፍ ጀምሮ እንደሚዘርፈን ግራ ይገባዋል።»

አባቴ አልሳቁም። እሷም ብትቀልድ ቀኝ ክንፏን ሳትለቅ ዋለች።

ሦስተኛ ቀን

ጭልጋ ደረስን። ብርዱ የኛን አገር ብርድ ይመስላል፤ ገብሱም፣ የድንጋይ ካቡም ያው ነው። አባቴ አንድ ቤት አሳዩኝና፣ «ሂጂ፣ ማደሪያ ለምኚ፤ ሴት ልጅ ስትጠይቅ እምቢ አይሉም» አሉኝ። ሄጄ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አስባለሁ፣ አስባለሁ፤ ቃሉ ግን አይወጣም። ውሻቸው ጮኸ። ሴትዮዋ ወጥታ አየችኝና ተመልሳ ገባች። ደግማ ስትወጣም እዚያው ነኝ።

«ልጄ፣ መናገር ነው መስማት የተሳነሽ?» አለችኝ።

«ማደሪያ» አልኩ።

«በይ ሰዎችሽን ጥሪ። ለዚህች ቃል ነው ፀሐይ እስኪጠልቅ የቆምሽው?»

ማታ እራት ስታቀርብልን ታሪኩን ለባሏ ነገረችው፤ እናቴም ስቃ አጀበቻት። ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም። ጠዋት ስንነሳ ሴትዮዋ ከሰሌን የተሠራ ባርኔጣ አናቴ ላይ ደፋችልኝና፣ «ታች ነጠላ አይበቃሽም፤ ለሰው ባትናገሪም ፀሐይዋ ታናግርሻለች» አለችኝ። ባርኔጣው እስከ ዛሬ አለ።

አራተኛ ቀን

ቁልቁለቱ ጀመረ። ጠዋት ጋቢ ለብሰን ወጥተን ቀትር ላይ ነጠላው እንኳ ከበደን። በየመታጠፊያው አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይመጣል። እኛ አገር ዛፍ የቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ነው ያለው፤ እዚህ ግን መንገዱ ራሱ በዛፍ መካከል ይሄዳል። የማገዶ ብዛት ያየችው እናቴ፣ «ይህን ሁሉ ደረቅ እንጨት መሬት ላይ ጥለው እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል» አለች።

አንድ ጅረት ስንሻገር ሽሮውን የተሸከመችው አህያ ሙቀቱ አስመርሯት ውሃው ውስጥ ተኛች። አያ ካሳ ጅራቷን፣ አባቴ ጆሮዋን ይዘው ጎተቱ። አልተነሳችም። ጠግባ ስትነሳ ግማሹ ሽሮ ሊጥ ሆኗል። እናቴ እንዳይበላሽ በዚያው በጅረቱ ዳር እሳት አስነድዳ ሁሉንም ሠራችው። እስከ ማግስቱ ማታ ቁርሳችንም ምሳችንም ያ ሽሮ ነበር። አያ ካሳ አህያዋን እያየ፣ «ወጥ ቤት ሆነሽ መቀጠር ነበረብሽ» ይላታል።

አምስተኛ ቀን

ወህኒ የሚባል መንደር ገባን። ነጋዴው የሚያድርበት ቦታ ነው። አደም የሚባል ነጋዴ ቤት ግቢ ውስጥ ራኩባ፣ ማለት የሣር ጥላ፣ ሰጡን። ባለቤቱ እመት ሐዋ የገመድ አልጋ አወጣችልን፤ አንገረብ ይሉታል። ንፋስ ከሥርም ከላይም ያገኘዋል። እኛ አገር እንዲህ ያለ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ጠዋት ደርቆ ይገኝ ነበር። እዚህ ግን ከቁርበት ይልቅ ተመቸኝ። ኪስራ የሚሉትን የማሽላ ስስ እንጀራ ከባሚያ ወጥ ጋር አበሉን፤ ሥጋ ለምን እንዳላቀረበች እንድናውቅ እመት ሐዋ ቀድማ፣ «እናንተም እኛም አብረን የምንበላው ይኸ ነው ብዬ ነው» አለች። እናቴ ልቧ ተነካ፤ ከበርበሬዋ ቆንጥራ ሰጠቻት።

እናቴ እዝሏን ስትፈታ እመት ሐዋ አየችና መጁን በእጇ መዘነችው።

«ጥሩ መጅ ነው። ወፍጮውስ የታለ?»

«እዚያው እናገኛለን» አለች እናቴ።

«የት?»

«ጓንግ ዳር።»

እመት ሐዋ ባሏን ጠራችው። «አደም፣ ጓንግ ዳር ድንጋይ አለ?»

አደም ከውጭ፣ «ጭቃ ነው። ስትረግጪው የሚውጥሽ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። ድንጋይ እዚያ አላየሁም» አለ።

«ሰማሽ? ከዚህ ያዢ። ከጓሮዬ እንኳ አንድ አይጠፋም።»

እናቴ ፈገግ ብላ አመሰገነች፤ ሴትዮዋ ስትሄድ ግን፣ «ሃያ ዓመት ጦር ተከትያለሁ፤ ወፍጮ የጠፋብኝ አገር አላየሁም። በደከመች አህያ ላይ ድንጋይ ልጫን?» አለች። አባቴ የቤት ዕቃ ነገር የእናቴ ትዕዛዝ ነው ብለው አልገቡበትም።

ስድስተኛ ቀን

የመጨረሻውን ድንጋያማ ጅረት ተሻገርን። መጨረሻው መሆኑን ያኔ አላወቅንም። እናቴ እግሯ አብጦ ነበርና ውሃው ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታጠበች። ድንጋዩ ርዝመቱ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ መሐሉ ትንሽ ጎድጎድ ያለ፣ ጥቁር፣ የማይፈረፈር ነው። አጠገቡም ያንኑ የመሰለ ሌላ ነበር። ገና ሳየው፣ ይህ ወፍጮ ነው አልኩ በልቤ። አያ ካሳ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሟል፤ አባቴ አህያ ያጠጣሉ። ለመናገር አፌን ከፈትኩ። እናቴ ደግሞ ትናንት የተናገረችውን በሁሉም ፊት የማፈርስባት መሰለኝና ዘጋሁት። ተነስተን ሄድን። ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት።

ሰባተኛ ቀን

ሜዳ። እንዲህ ያለ ሜዳ አላየሁም ነበር። ጎንደር ላይ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ አይጠፋም፤ እዚህ ዓይን ሄዶ ሄዶ የሚይዘው ያጣል። ሆዱ እንደ ጎተራ የተነፋ፣ ቅርንጫፉ ሥር የሚመስል ዛፍ አልፎ አልፎ ብቻውን ቆሟል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ስንጥቁ የሰው ክንድ ይውጣል። የአንዷ አህያ እግር እስከ ጉልበቷ ገባባት፤ ጭነቱን አውርደን በቀስታ አወጣናት። እናቴ ከቀትር በኋላ መቀለድ ተወች። መሬቱን እያየች ነበር የምትሄደው። የምትፈልገው ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ጠጠር እንኳ አልነበረም።

ስምንተኛ ቀን

ጓንግ ዳር ደረስን። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ሆኗል፤ ሰዉ አሸዋውን ቆፍሮ ነው ውሃ የሚቀዳው። አሥራ አንድ ጎጆ አለ። አቶ ወርቁ አባቴን አቅፎ አለቀሰ። ባለቤቱ እትዬ ዘነቡ የጎጃም ሰው ናት፤ ትልቅ ድምፅ አላት። ትኩስ የማሽላ ቂጣና እርጎ አቀረበችልን። አባቴ ገና ሳይቀመጡ ቦታ መረጡና ድንኳኑን አስተከሉ፤ በሩ ግን ወዴት እንደሚሆን ሲጠየቁ ትንሽ አመነቱ። ከዚህ ወዲያ የምንሄድበት የለም። በመጨረሻ ወደ ወንዙ አደረጉት።

እናቴ የመጀመሪያ ጥያቄዋ አንድ ነበር። «እትዬ ዘነቡ፣ የወፍጮ ድንጋይ ከየት ታመጣላችሁ?»

«ወይ እህቴ፣ ከማዶ ከሱዳን በግመል ነበር የሚመጣው። ጠላት ድንበሩን ከያዘ ወዲህ ግመሉም ድንጋዩም ቀረ። በመንደሩ ሦስት ወፍጮ ነው ያለው፤ በተራ እንፈጫለን።»

እናቴ መጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ከጎንደሩ ጋር ዘጠኝ በትኜ አንድ አጣሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

ጉዞው እዚህ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም።

አባቴና አያ ካሳ ዝናብ ሳይገባ ጎጆ ለማቆምና መሬት ለመመንጠር ከጠዋት እስከ ማታ ይሠሩ ጀመር። መንደሩ ረዳን፤ ማገር ሰጡን፣ ሣር አጨዱልን። የማሽላ ዘርም ከየቤቱ መጣ። እኛ ከደጋ ያመጣነውን ገብስ ሲያዩ ግን አዛውንቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። «ይህን ከዘራችሁ ቆሎ ሆኖ ይበቅልላችኋል» አለ አቶ ወርቁ።

የወፍጮው ተራ ሕግ አለው። መጀመሪያ ባለቤቲቱ፣ ከዚያ አራሶች፣ ከዚያ ቀድሞ መንደሩ የገባ። እኛ መጨረሻ ነን። ተራችን ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ድንጋዩ እጅ ያቃጥላል። እናቴ ሁለት ሳምንት ሄደች።  በሦስተኛው ሳምንት ንዳድ ያዛትና ተኛች፤ መሄድ የኔ ሆነ።

ሴቶቹ ክፉ አልነበሩም። እያወሩ፣ እየዘፈኑ ይፈጫሉ። እኔ ከኋላ ቁናዬን አቅፌ እቆማለሁ። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ ሳለ አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ፣ «ፈጭተሽ ጨርሰሽ ነው?» አለችኝ። አልጨረስኩም ማለት ነበረብኝ። እንደ አዎ ራሴን ነቀነቅኩ። አሳለፍኳት። ከሷ በኋላ ሌላ ገባች። ቀኑ መሸና ማሽላዬን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ያን ማታ ለእናቴ የሰጠናት ንፍሮ ነው። ሁሉን አስመለሰችው። ለምን እንዳልፈጨሁ ማንም አልጠየቀኝም፤ ያልፈጨሁት ሰው በዝቶ ነው ብለው አስበዋል። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ካፖርታቸውን አውጥተው አራገፉ። አያ ካሳ ማገር ሲያስር ቀና አለ።

«ሰኞ እንነሳለን» አሉ አባቴ። «ዝናቡ ሳይገባ።»

«ወዴት፣ አለቃ?»

«ወደ ላይ።»

«ላይ ምን እንደሚጠብቅዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ሚስቴ እዚህ ከሞተች በኋላ ለማን ብዬ ነው የምኮራው? ለአንድ ቂጣ የሚበቃ ዱቄት ላገኝላት አልቻልኩም።»

«አባዬ፣ ድንጋይ አለ» አልኩ።

አልሰሙኝም። አቶ ወርቁና እትዬ ዘነቡም እዚያው ነበሩ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ፤ ለምን እንዳወለቅኩት አላውቅም።

«አባዬ፣ ድንጋይ አለ። የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ሁሉም ዞሩ። «የት?» አሉ አባቴ።

«በስድስተኛው ቀን። እማዬ እግሯን የታጠበችበት ጅረት።»

«ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«እማዬ ድንጋይ አልጭንም ብላ ነበር።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉስ?»

 ከድንኳኑ ውስጥ የእናቴ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «እሷን ይተዉአት። እኔም አይቼዋለሁ። ስቀመጥበት ነው ያወቅኩት።»

 ከዚያ እትዬ ዘነቡ በዚያ ትልቅ ድምፅዋ፣ «እናትና ልጅ አንድ ድንጋይ አይታችሁ ሁለታችሁም ዋጣችሁት? ጉድ ነው። ሂዱ አምጡት እንጂ። በሽተኛዋን እኔ አበላለሁ፤ ለሷ ሲሆን ከወፍጮዬ ላይ ማንም ይነሳል» አለች።

አባቴ ካፖርታቸውን አጣጥፈው መልሰው አስቀመጡት። ጎጆው ጣሪያ ይቀረዋልና እሳቸው ሊሄዱ አይችሉም። «ካሳ ፊት» አሉ፤ ወደኔም ዞረው፣ «አንቺ ደጀን።»

አያ ካሳና እኔ ሁለቱን ጠንካራ አህዮች ነድተን ሄድን። ሁለት ቀን ሙሉ ከአምስት ቃል በላይ ያወራን አይመስለኝም፤ ለሁለታችንም ተመችቶናል። ድንጋዩ በቦታው ነበር። አያ ካሳ በመጥረቢያው ጀርባ ጠርዙን እየመታ አቀለለው። አንዱን ብቻ ብንጭን አህያዋን ወደ ጎን ይጥላታል፤ ሚዛን ስለሚያስፈልግ የጎረቤቱንም ድንጋይ ጠርበን በሌላው ጎኗ አሰርን። ሁለቱን አህዮች እያፈራረቅን ጫንናቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ መንደሩ ግማሽ ቀን ሲቀረው፣ ዝናብ ጣለ። የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ደረቅ ሳለ ክንድ ይውጥ የነበረው ዋልካ አሁን እንደ ሙጫ ያዘን። በየእርምጃው እግራችን ላይ ሌላ እግር ይጨመራል። አህያዋ ሰመጠች፤ ሌላዋም እምቢ አለች።

«እንጣለው» አለ አያ ካሳ። «ሲደርቅ እንመለስበታለን።»

«ክረምቱ ገብቷል፤ እስከ መስከረም አይደርቅም» አልኩት።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ እህቴ? እኔ ሁለት ድንጋይ አልሸከም።»

ትከሻዬ ላይ ያለውን የመኝታ ቁርበት አየሁ። መሬት ላይ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጌ ዘረጋሁት። «እዚህ ላይ እናድርጋቸውና እንጎትት» አልኩ። ድንጋዮቹን አወረድን፤ ገመዱን ለቁርበቱ አሰርን። ሰው የሚይዘው ጭቃ ለቁርበቱ መንሸራተቻ ሆነለት። አያ ካሳ ከፊት ሳበ፤ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ እየወደቅኩ፣ እየተነሳሁ። አህዮቹ ባዶአቸውን ሲከተሉን አያ ካሳ ዞር ብሎ፣ «ተመልከቻቸው፣ እኛን ጭነው ቅዳሜ ገበያ የሚሄዱ ይመስላሉ» አለ። እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

አባቴ ከሩቅ አዩንና በዝናቡ ሮጠው መጡ።  ገመዱን ከአያ ካሳ ትከሻ ላይ ወስደው ወደ ራሳቸው አደረጉት።

ሁለተኛውን ድንጋይ ለእትዬ ዘነቡ ሰጠናት፤ የመንደሩ ወፍጮ አምስት ሆነ፣ ተራውም አጠረ። እናቴ ገና አቅም አልነበራትም። ቢሆንም ተደግፋ ተቀምጣ ወፍጮውን በራሷ እጅ ወቀረችው፤ አንድ ቀን ሙሉ፣ ጥርስ እስኪያወጣ ድረስ። በማግስቱ ጭቃ እንድረግጥላት አዘዘችኝ።

ከዚያ በፊት በኖርንበት ቤት ሁሉ ወፍጮዋን የምታስቀምጠው በትናንሽ ድንጋዮች ደግፋ ነበር። ያን ቀን ግን ጭቃውን እያነሳች ከሥሩ፣ ከጎኑ፣ ከፊቱ መረገችው፤ የዱቄቱንም መውረጃ በጣቷ አበጀች።

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «እንዲህ ከመረግሽው ስንነሳ አይነቀልም» አሉ።

«አውቃለሁ» አለችና ሌላ እፍኝ ጭቃ አነሳች።

አባቴ ስማቸውን ሳያስመዘግቡ ጠላት ወጣ። እኔም ማሽላ ማረም፣ ከአሸዋ ውሃ መቅዳት፣ አንገረብ ላይ መተኛት ለመድኩ። ጎንደር አሁን ስመጣ ብርዱ አስነጠሰኝ፤ የድንጋዩ ብዛትም ገረመኝ። አክስቴ ጓሮዋ ወስዳ እናቴ የተወችውን ወፍጮ አሳየችኝ። እየፈጨችበት ነው። ከዚያ ጓዜን ስታራግፍልኝ ከሥር ከላይ ፈለገችና ግራ ገባት።

«መጁስ?» አለች። «እናትሽ ያለ መጅ መንገድ አወጣችሽ?»

«ቤት ነው» አልኳት።